«ቻይና» ማለት ማን ነው? የኃያላን ፉክክርና የቃል ጥንቃቄ

(ዘመኑ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው)

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1955 «ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ» የተባለች መርከብ ከሎስ አንጀለስ ወደብ ተነሳች። ከተሳፋሪዎቿ መካከል ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ ቻይና የሚመለሱ አንድ የ43 ዓመት ፕሮፌሰር ነበሩ። ስማቸው ቺያን ሹሴን ይባላል። አሜሪካ በዚያን ቀን ያጣችውን ሰው ዋጋ በወቅቱ የተረዱት ጥቂቶች ናቸው።

ቺያን ለትምህርት አሜሪካ የገቡት በ1935 ነው። ከኤምአይቲ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1939 ደግሞ ከካሊፎርኒያው ካልቴክ ዶክትሬት ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ጦር የሮኬት ምርምር ከሠሩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዛሬ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልከው «ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ» ከመሥራቾቹ መካከል ይቆጥራቸዋል። በ1945 የኮሎኔል ማዕረግ ተሰጥቷቸው ወደ ተሸነፈችው ጀርመን ተላኩና የናዚን የሮኬት ሊቃውንት፣ ቨርነር ፎን ብራውንን ጨምሮ፣ መረመሩ። በ1949 የአሜሪካ ዜግነት ለማግኘት አመለከቱ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ማኦ ዜዱንግ የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክን አወጁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጁን 1950 የኤፍቢአይ ሰዎች መጥተው «በ1938 የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ» አሏቸው። እሳቸው ካዱ። ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የነበራቸው ፈቃድ ግን ተነጠቀ። ሥራቸውን መቀጠል ስላልቻሉ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲነሡ ጓዛቸው ተያዘ። «ምስጢራዊ ኮድ» የተባለው ወረቀት ሲመረመር የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ለሁለት ሳምንት ያህል ታሰሩ። በ15 ሺህ ዶላር ዋስ ከተለቀቁ በኋላም ለአምስት ዓመት ክትትል እየተደረገባቸው፣ ያለ ፈቃድ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ እንዳይወጡ ታግደው ኖሩ።

ጉዳያቸው በኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ፊት ሲታይ ታማኝነታቸው ለማን እንደሆነ ተጠየቁ። የመለሱት መልስ ለቻይና ሕዝብ የሚል ነበር። ቀጥለውም ጦርነት ቢነሳና የአሜሪካ ዓላማ የቻይናን ሕዝብ የሚጠቅም ቢሆን ከአሜሪካ ጎን እንደሚሰለፉ ተናገሩ። ሕዝብንና መንግሥትን ለይተው ተናገሩ። ከሳሾቻቸው የሳቱት ይህንኑ ልዩነት ነበር።

በ1955 የአሜሪካና የቻይና ተደራዳሪዎች ጄኔቫ ላይ ሲገናኙ ቤጂንግ የያዘቻቸውን 11 የአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ለቀቀች፣ ዋሽንግተንም ቺያን እንዲሄዱ ፈቀደች። በዓመቱ፣ በ1956፣ ቺያን የቻይናን የመጀመሪያ የሚሳይል ምርምር ተቋም መምራት ጀመሩ። ቻይና በ1960 ሚሳይል አስወነጨፈች፣ በ1966 የኑክሌር አረር የተሸከመ ሚሳይል ሞከረች፣ በኤፕሪል 1970 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሕዋ ላከች። የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ዳን ኪምቦል ቺያንን ማባረር አገራቸው ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ የከፋው ሞኝነት እንደሆነ ተናግረዋል።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለበት። የዚያ ዘመን ጥርጣሬ የወደቀው በቻይናውያን ላይ ብቻ አልነበረም። ከቺያን ጋር በሮኬት ሥራ የተሰለፉት ነጩ አሜሪካዊ ፍራንክ ማሊናም በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ተሳድደዋል። ልዩነቱ ማሊና የሚጠየቁት ስላሰቡትና ስላደረጉት መሆኑ ነው። ቺያን ግን ከዚያ በላይ ስለ ትውልዳቸውም መልስ እንዲሰጡ ተፈለገ። ቤጂንግ ላይ መንግሥት ሲለወጥ የእሳቸውም ማንነት አብሮ የተለወጠ መሰለ።

የኃያላንን ፉክክር በሚመለከት ንግግር ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣው ስሕተት ይህ ነው። መንግሥትን፣ ፓርቲን፣ አገርን፣ ሕዝብንና ግለሰብን በአንድ ቃል መጥራት። ብዙ ሰው ጉዳዩን የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ታሪክ ግን ሌላ ነገርም ያሳያል። ቃሉን ያምታታ አገር ተቀናቃኙን በትክክል ማየት ይሳነዋል፣ ሒሳቡም ይሳሳታል።

■ «ቢጫው አደጋ»

በ1895 የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም አንድ ሥዕል አሠሩ። ሐሳቡ የራሳቸው፣ ሠዓሊው ኸርማን ክናክፉስ የተባለ ባለሙያ ነበር። በሥዕሉ ላይ የአውሮፓ አገሮች ጋሻና ጦር በያዙ ሴቶች ተመስለው ቆመዋል። ቅዱስ ሚካኤል ከፊታቸው ሆኖ ከምሥራቅ በጭስና በእሳት መካከል የሚመጣውን የቡድሃ ምስል ያመለክታቸዋል። ቄሣሩ ሥዕሉን ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለዳግማዊ ኒኮላስ ላኩላቸው። «ቢጫው አደጋ» የሚለው አባባል በአውሮፓ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ሥዕል ነው።

መልእክቱ አውሮፓ ሁሉ አንድ ወገን፣ እስያ ሁሉ አንድ ጠላት ነው የሚል ነበር። የሆነውስ? ከ19 ዓመት በኋላ ሥዕሉን የላኩት ንጉሥና የተቀበሉት ንጉሥ እርስ በርስ ተዋጉ። ጃፓን ደግሞ የብሪታንያ አጋር ሆና በኖቬምበር 1914 ቻይና ውስጥ የነበረውን የጀርመን ይዞታ ቺንግዳኦን ያዘች። በዘር ቀለም የተሣለው ካርታ ከእውነተኛው ካርታ ጋር አልገጠመም።

ከዚያው ቄሣር አፍ የወጣ ሌላ ቃልም ተመልሶ በራሳቸው ሕዝብ ላይ ወረደ። ጁላይ 27 ቀን 1900 በብሬመርሃቨን ወደብ «ቦክሰሮች» የተባሉትን ዐመፀኞች ለመደምሰስ ወደ ቻይና የሚሄዱትን ወታደሮች ሲሸኙ ምርኮኛ እንዳይይዙ፣ እንደ ጥንቶቹ የአቲላ ሁኖች ስማቸው ለሺህ ዓመት የሚያስፈራ እንዲሆን አዘዟቸው። አንድም ቻይናዊ ጀርመንን ቀና ብሎ ለማየት እንዳይደፍር ፈለጉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የብሪታንያና የአሜሪካ ቅስቀሳ ያንኑ ቃል ይዞ ጀርመኖችን «ሁን» እያለ መጥራት ጀመረ።

ቃሉ ቄሣሩን አልነካቸውም። የነካው ሌላውን ነው። አሜሪካ ውስጥ የጀርመን ጎመን ስሙ ተቀይሮ «የነፃነት ጎመን» ተባለ። ይህ ያስቃል። ኤፕሪል 1918 በኢሊኖይ ግዛት፣ በኮሊንስቪል ከተማ የሆነው ግን አያስቅም። ሮበርት ፕሬገር የተባለ፣ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ለመቀላቀል ሞክሮ የነበረ ጀርመን ተወላጅ ሠራተኛ በቁጡ ሰዎች ተይዞ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። ለፍርድ የቀረቡት 11 ሰዎች በነፃ ተሰናበቱ።

■ ኢትዮጵያ በዚህ ካርታ ላይ

«ቢጫው አደጋ» ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋርም ይገናኛል። ጃፓን በ1905 ሩሲያን ካሸነፈች በኋላ የአዲስ አበባ ምሁራን ወደዚያች አገር በተስፋ መመልከት ጀመሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1931 ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወሰደ። በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፣ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ ጻፉ። የጃፓን ጨርቅም በኢትዮጵያ ገበያ በርካሽ ይሸጥ ነበር።

የፋሺስት ጣሊያን ጋዜጦች ይህን ይዘው ቢጫውና ጥቁሩ በነጩ ላይ አብረዋል እያሉ ጮኹ። በሌላ ወገንም ብዙ ሰዎች ጃፓን የቀለም ወንድም ስለሆነች ለኢትዮጵያ ትቆማለች ብለው ተስፋ አደረጉ። ሁለቱም ወገኖች የሚያስቡት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር። ሁለቱም ተሳሳቱ። በ1936 የጃፓን መንግሥት የጣሊያንን ወረራ አውቆ ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያን በበኩሏ ጃፓን ማንቹሪያ ውስጥ ላቆመችው አሻንጉሊት መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ብዙ ጃፓናውያን ግን በ1935 ለኢትዮጵያ ያላቸውን ድጋፍ በአደባባይ ገልጸው ነበር። መንግሥታቸው ሌላ፣ እነሱ ሌላ ነበሩ። «ጃፓን ወዳጃችን ናት» ከማለት ይልቅ «የጃፓን መንግሥት በማንቹሪያ ምን ይፈልጋል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ውጤቱን ቀድሞ ማየት ይችል ነበር።

■ ትናንት ወዳጅ፣ ዛሬ ጠላት

ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1941፣ «ላይፍ» መጽሔት አሜሪካውያን ቻይናዊን ከጃፓናዊ በፊቱ እንዴት እንደሚለዩ የሚያስተምር ገጽ በፎቶግራፍ አወጣ። ቻይና አጋር፣ ጃፓን ጠላት ነበረችና ነው። ከ1882 ጀምሮ ቻይናውያን ሠራተኞች አሜሪካ እንዳይገቡ የከለከለው ሕግም በ1943 ተሻረ። የተፈቀደው ኮታ ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር።

ጃፓናውያን በተራቸው ተያዙ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትዕዛዝ መሠረት 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ተወላጆች ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው ወደ ካምፕ ገቡ። ከሦስቱ ሁለቱ በአሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከርቲስ መንሰን የተባሉ መልእክተኛ ጉዳዩን አጥንተው አብዛኞቹ ለአሜሪካ ታማኝ እንደሆኑ ለፕሬዚዳንቱ አሳውቀው ነበር። ሰሚ አላገኙም። የምዕራቡ ጠረፍ አዛዥ ጄኔራል ጆን ዴዊት ባቀረቡት ሐሳብ እስካሁን አንድም የአሻጥር ተግባር አለመፈጸሙ ራሱ ወደፊት እንደሚፈጸም የሚያረጋግጥ አሳሳቢ ምልክት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ሰውየው ቢያጠፋም ጠላት፣ ባያጠፋም ጠላት ነው ማለት ነው። ትውልድ ማስረጃ ከሆነ በኋላ ሌላ ማስረጃ ቦታ አያገኝም።

ከ40 ዓመት በኋላ በኮንግረሱ የተቋቋመ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ በምዕራብ ጠረፍ በነበሩ የጃፓን ተወላጆች የተፈጸመ አንድም የተረጋገጠ የስለላ ወይም የአሻጥር ድርጊት እንዳላገኘ አስታወቀ። በ1988 ኮንግረሱ በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ሕጉ የበደሉን ምክንያት ሲዘረዝር የዘር ጥላቻን፣ የጦርነት ግርግርንና የፖለቲካ አመራር ውድቀትን ጠቀሰ።

የዘመኑን ቅደም ተከተል ማስተዋል ይበቃል። በ1941 ቻይናዊው ደግ፣ ጃፓናዊው ክፉ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ጃፓናዊው አጋር፣ ቻይናዊው ተጠርጣሪ ሆነ። ፊታቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የመንግሥታት አሰላለፍ ነው።

በ1982 ደግሞ የጃፓን መኪና የዲትሮይትን ፋብሪካዎች ሲፈታተን ቪንሰንት ቺን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት በዚያው አካባቢ ተደብድቦ ሞተ። ከደብዳቢዎቹ አንዱ የመኪና ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። በጠቡ ጊዜ ከሥራ የተፈናቀልነው በእናንተ ምክንያት ነው የሚል ቃል እንደተሰማ ምስክሮች ተናገሩ። ቪንሰንት ቻይናዊ ትውልድ ያለው አሜሪካዊ እንጂ ጃፓናዊ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች በግዛቱ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸው የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣትና የ3 ሺህ ዶላር መቀጮ ነበር።

■ ሰላይ የለም ማለት አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የቻይና መንግሥት በእርግጥ ይሰልል የለም? ጥንቃቄ ሲባል እውነቱን መሸፈን አይደለም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ጉዳዮችን አጠገብ ለአጠገብ በማስቀመጥ ይገኛል።

በኖቬምበር 2018 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር «ቻይና ኢኒሼቲቭ» የተባለ ዘመቻ ጀመረ። ስሙ ራሱ ድርጊትን ሳይሆን አገርን የሚጠቅስ ነበር። የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ጋንግ ቼን በጃንዋሪ 2021 ተከሰሱ፣ በዓመቱ ክሱ ተነሳ። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው አንሚንግ ሁ በሴፕቴምበር 2021 በፍርድ ቤት ነፃ ወጡ። ዘመቻው በፌብሩዋሪ 2022 በዚያ ስም መካሄዱ ቆመ። ውሳኔውን ያስታወቁት የሚኒስቴሩ ባለሥልጣን ጉዳዮችን በዚህ ስም ማሰባሰቡ ቻይናዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች በሌላ ዓይን ይታያሉ የሚል ጎጂ ስሜት እንዲፈጠር ማገዙን አምነዋል።

በዚያው ጊዜ ሹ ያንጁን የተባለ የቻይና የመንግሥት ደኅንነት ሚኒስቴር መኮንን የአውሮፕላን ሞተር ቴክኖሎጂ ለመስረቅ ሲያሤር ተደርሶበት ቤልጂየም ውስጥ ተያዘ። ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጥቶ በ2021 ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2022 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እዚህ ላይ ተቋሙ በስም ይታወቃል፣ ድርጊቱ ይታወቃል፣ ማስረጃው ፍርድ ቤት ቀርቧል። የመጀመሪያው አካሄድ ሊቃውንትን አሸማቀቀ፣ ሁለተኛው ሰላይ ያዘ። ቃሉን የለየ መርማሪ ጥፋተኛውንም ይለያል።

መንግሥትና ሕዝብን ማምታታት የሚጠቅመው ለተቺዎች ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የቤጂንግ ቃል አቀባዮች መንግሥታቸው ሲተች «የቻይናን ሕዝብ ስሜት ጎድታችኋል» ማለት ያዘወትራሉ። ፓርቲውን የነካ 1.4 ቢሊዮን ሰው እንደነካ ይቆጠራል። ይህም ያው ስሕተት ነው፣ የተገለበጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። መዘዙም ያው ነው። ሴፕቴምበር 2012 የጃፓን መንግሥት አወዛጋቢ ደሴቶችን ገዛ ተብሎ በቻይና ከተሞች ሰልፍ ሲወጣ፣ በሺያን ከተማ ቶዮታ ሲነዳ የተገኘ አንድ ቻይናዊ የራስ ቅሉ እስኪሰበር ተደበደበ። ጃፓንን እንቃወማለን ያሉ ሰዎች የመቱት የአገራቸውን ልጅ ነው።

■ በአማርኛ ሲነገር

ይህ የሩቅ አገር በሽታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በትውልዳቸው ምክንያት ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አባረረች። ሁለት መንግሥታት ተጣሉ፣ ጓዙን የጠቀለለው ጎረቤት ነው።

ኃያላኑን በሚመለከትም የአማርኛው ልማድ ጥንቃቄ ይጎድለዋል። «ቻይና» በአማርኛ የአገር ስም ነው፣ የሰው መጠሪያ ነው፣ ቶሎ የሚሰበር ዕቃ መገለጫም ነው። መጋቢት 2020 ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ሲታወቅ ታማሚው ጃፓናዊ ነበር። መንገድ ላይ ግን መልኩ ከእስያ የመጣ የሚመስል ሁሉ «ቻይና» ነበር። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በዚያው ወር ባወጣው ማስጠንቀቂያ የውጭ ዜጎች ድንጋይ እንደተወረወረባቸው፣ እንደተተፋባቸውና ታክሲ እንደተከለከሉ ገለጸ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ጓንግጆ ውስጥ አፍሪካውያን በዚያው በሽታ ስም ከተከራዩት ቤት እየተባረሩ ውጭ አደሩ። በቤጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮችም ተቃውሟቸውን በደብዳቤ አቀረቡ። የአዲስ አበባውን ነገር እንደ ተራ ነገር ያለፈ ሰው የጓንግጆውን ሲሰማ የሚናገርበት አፍ አይኖረውም።

የጥንቃቄ ንግግር ምን እንደሚመስል ከአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ታሪክ ማየት ይቻላል። «ቻይና አፍሪካን ሰለለች» ማለት ቀላል ነው። «ሁሉም የነጮች ወሬ ነው» ማለትም እንዲሁ ቀላል ነው። የሚታወቀው ግን እንዲህ ነው፦ ሕንፃው በቻይና መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 ተመረቀ። በጃንዋሪ 2018 የፈረንሳዩ «ለ ሞንድ» ጋዜጣ ከሕንፃው ኮምፒውተሮች መረጃ ሌሊት ሌሊት ወደ ሻንጋይ ሲላክ ነበር ሲል ዘገበ። የቻይና ባለሥልጣናት አስተባበሉ። የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪም ክሱን አልተቀበሉትም። ይህ አነጋገር ማንንም አይሸፍንም። ማን ከሰሰ፣ ማን ካደ፣ መቼ የሚለው ሁሉ በቦታው አለ። ፍርዱ ለአንባቢ ቀረ። ቻይናዊው የመንገድ ሠራተኛ፣ የምግብ ቤት ባለቤቷ ወይም ተማሪው በነገሩ ውስጥ አልገቡም፣ ሊገቡም አይገባም።

«ምዕራባውያን»፣ «አሜሪካ»፣ «ሩሲያ»፣ «አረቦች» ሲባልም እንዲሁ ነው። ከመናገር በፊት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን ያደረገው የትኛው ተቋም ነው? በምን ይታወቃል? በዚህ ቃል ውስጥ ስማቸው አብሮ የሚነሳው፣ ነገር ግን እጃቸው የሌለበት ሰዎች እነማን ናቸው? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ በዋሽንግተን፣ በሪያድና በቤይሩት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። አገራቸው ውስጥ መንግሥት ያደረገውን እነሱ እንዲመልሱ በሥራ ቦታና በታክሲ ውስጥ የሚጠየቁ ብዙዎች ናቸውና። ያን ጊዜ እንዲደረግላቸው የሚፈልጉትን ልዩነት ለሌላውም ማድረግ ከባድ አይሆንም።